በድሬ ሙቀት ኮምፒውተርና የጌም ዕቃ ማኖር

እንደምን አመሻችሁ። ከቀዚራም፣ ከመጋላም፣ ከሳቢያንም ለመጣችሁ፣ ከሐረር ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ለተቀላቀላችሁንም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፎ ከሚመጣ ወረቀት ልነሣ። የፕሌይስቴሽን 4 የደኅንነት መመሪያ ዕቃው የሚሠራበትን የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለዋል። ብዙ ላፕቶፖችም ላይኛው ወሰናቸው ያው 35 ነው። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ማሽኑ ገና ሳይበራ ይህን ወሰን ያልፈዋል። ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለአየርና ለመብራት አውሉት፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይምጡ። እዚህ ከተማ ዕቃ የሚሞተው በሙቀት፣ በአቧራና በመብራት ነው፤ ሦስቱም በትንሽ ወጪ የሚገቱ ናቸው።

ሂሳቡን እንየው። ፋን ያለው ማንኛውም ማቀዝቀዣ ማሽኑን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። ጌም ሲከፈት ከክፍሉ በ55 ዲግሪ የሚበልጥ ፕሮሰሰር 22 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 77 ላይ ይቆማል። ያው ማሽን፣ ያው ጌም፣ 36 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 91 ይደርሳል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች 95 ወይም 100 አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ። ሐረር ላይ ያለ እንከን የሠራ ማሽን እዚህ ወርዶ ጌሙ ቢቆራረጥበት ተበላሽቷል ብላችሁ አትሽጡት፤ የቀረችውን ጥቂት ዲግሪ አቧራ ወስዶባት ይሆናል።

ታዲያ አቧራው የት ነው? ላፕቶፕ ላይ አብዛኛው የሚከማቸው በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል ነው፤ እንደ ብርድ ልብስ ተጋግሮ ይቀመጣል። ከውጭ በቀዳዳው ቢነፋ ወደ ውስጥ ይመለሳል እንጂ አይወጣም። የኋላ ክዳኑን ፍቱ፣ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ፋኑን አንሱና የአቧራውን ንጣፍ በእጅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አውጡ። ስትነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በኃይል ሲሽከረከር ኩሽኔታው ይጎዳል፣ ሞተሩም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል። ማሽን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ሄዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፣ እባካችሁ ይቅር። የኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ ውሃና ዘይት ይጠራቀማል፤ ያ ጭጋግ ማዘርቦርድ ላይ ሲያርፍ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጭቃ ይሆናል። የእጅ መንፊያ ቀስ ይላል፣ ግን አይገድልም።

ዴስክቶፕ ከሆነ ከወለል አንሱት፤ አቧራ በብዛት ያለው ወለል ላይ ነው። የሚያስገቡ ፋኖች ከሚያስወጡት ይብለጡ፣ ለምሳሌ ሁለት ከፊት አንድ ከኋላ። ያኔ ኬዙ (የማሽኑ ሣጥን) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭ ስለሚበልጥ አየሩ በየስንጥቁ የሚወጣ እንጂ የሚገባ አይሆንም፣ አቧራውም በማጣሪያው በኩል ብቻ ይመጣል። ማጣሪያ ካጣችሁ ስስ የሴት ስቶኪንግ ወጥራችሁ እሰሩበት፤ በአቧራ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ያልታጠበ ማጣሪያ ከሌለው ይብሳል፣ ምክንያቱም አየሩን ጨርሶ ይዘጋዋል።

ቴርማል ፔስት፣ ማለትም በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ዓመታት ሲቆጥር ይደርቃል። አሮጌውን በአልኮል ጠርጉ፤ 90 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ይመረጣል፣ ፋርማሲ የሚገኘው 70 ከመቶም ይሠራል፣ ነገር ግን ውሃ ስላለበት በደንብ ይድረቅ። አዲሱ የቺፑ መሐል ላይ የአንድ አተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ማቀዝቀዣውን ስታስሩ ብሎኖቹን በማዕዘን እያቀያየራችሁ ቀስ በቀስ አጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቺፑን በአንድ ጎን ይጫነዋል። ሜሞሪ ቺፖች ላይ ያለውን ለስላሳ ፓድ ግን በፔስት አትተኩ። ፓዱ ግማሽ፣ አንድ ወይም አንድ ተኩል ሚሊሜትር ክፍተት ይሞላል፤ ፔስት ያንን አይሞላም፣ ቺፑም ሳይነካ ይቀራል። ፕሌይስቴሽን 5ን በዚህ መንገድ አትክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ፈሳሽ ብረት ነው፤ ጠብ ያለበትን ቦታ ሁሉ ያገናኛል።

ገንዘብ የማያስወጣም አለ። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ምስል ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ጌሙ በሰከንድ 140 ምስል መሥራቱ ለሙቀት ብቻ ነው፤ 60 ላይ ገድቡት። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ በፓወር ኦፕሽን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 ከመቶ አውርዱት። ይህች አንድ ቁጥር ቱርቦውን፣ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ታጠፋለች፣ ሙቀቱም ብዙ ጊዜ በ10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወርዳል። አብዛኛው ጌም ልዩነቱን አያውቀውም።

አሁን ወደ መብራት። በአሮጌ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው ሣጥን) ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ አለ። 115 ላይ ሆኖ ከእኛ 220 ቮልት ጋር ከተገናኘ በአንድ አፍታ ይፈነዳል። ከውጭ ዘመድ የላከው ማንኛውም ዕቃ ላይ ግብዓቱን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ካለ እንዳለ ይሰካል፣ 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር አይነካ።

ብዙ ቤት ኬዙ ሲነካ ይነዝራል፣ ሰውም ለምዶት ይኖራል። ምክንያቱ ይኼ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ኃይል በሚያጠራቅሙ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ሁለቱንም መስመር ከኬዙ ጋር ያያይዛል፣ ይህም ጥቂቷን ፍሳሽ ወደ መሬት ሽቦው እንዲልክ ነው። የመሬት ሽቦ ከሌለ ኬዙ በመስመሩ ግማሽ፣ በ110 ቮልት ገደማ ላይ ተንሳፎ ይቆያል። ጅረቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሰውን መንዘር ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ዕቃውን ግን ይጎዳል። ቴሌቪዥኑም ኮንሶሉም በርተው ኤችዲኤምአይ ሲሰካ ልዩነቱ በሲግናል ፒኖቹ ሊያልፍና ወደቡን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤችዲኤምአዩን ሰኩ፣ መብራቱን በኋላ። ዘላቂው መፍትሔ ግን ባለ ሦስት መስመር ሶኬትና በእውነት መሬት ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ነው። ባለ ሦስት ቀዳዳ ዲቫይደር ገዝቶ ከሁለት ሽቦ መስመር ላይ መሰካት ምንም አይለውጥም። ይህን ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

መብራት ሲሄድ አሳዛኝ ነው፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ግን ሲመለስ ነው። የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ መስመሩ ይዋዥቃል። መብራት እንደሄደ ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡ። ፍሪጅና ኮምፒውተር በአንድ ዲቫይደር አይዋሉ።

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ሣጥን፣ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ሣጥኑ ላይ 650 ቪኤ ተጽፎ ሲያዩ ረጅም ሰዓት ይመስላቸዋል፤ ያ ቁጥር ግን የሚሸከመውን ጭነት እንጂ የሚቆይበትን ጊዜ አይናገርም። ጊዜውን የሚወስነው ውስጡ ያለው ባትሪ ነው። የተለመደው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። በፍጥነት ሲጠባ ባትሪው ሙሉ አቅሙን አይሰጥም፣ የባትሪውን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይረው ለዋጭም የራሱን ይበላል፣ ስለዚህ 40 ገደማ ያዙ። 200 ዋት የሚበላ የጌም ማሽን ላይ ይህ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚበልጥ አይደለም፤ ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ብቻ ነው። 25 ዋት ለሚበሉ ትንሽ ሰርቨር (ለቤቱ ማሽኖች ፋይል የሚያድል ኮምፒውተር) እና ራውተር ግን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ባትሪው አዲስ ሲሆን ነው። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። ሻጩ አራት ዓመት ያለው ባትሪ 35 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ቢያገለግል ተበልታችኋል ማለት አይደለም። ዩፒኤሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ኬዙ ላይ አታስቀምጡት፤ ፋን የሌለው ከሆነ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ የቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ይሁን። በየሦስት ወሩ መስመሩን ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ለኩ። ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣው ሞገድ ጠርዛማ ስለሆነ አንዳንድ ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ወደ ባትሪ በሚቀየርበት ቅጽበት ይጠፋል፤ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ ማሽን አስሞክሩ።

ቤት ውስጥ ሰርቨር ለማቆም ለምታስቡ ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ያገለገለች ትንሽ የቢሮ ኮምፒውተር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ የመሳሰሉት። ሥራ ሲፈቱ 15 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ሌት ተቀን ቢበሩ በ30 ቀን 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ታወር በዚያው ጊዜ 43.2 ይቆጥርባችኋል፣ ያንንም ሁሉ ሙቀት አድርጎ ክፍላችሁ ውስጥ ይለቀዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በአውሮፓውያን ጥቅምት 14 ቀን 2025 ስላበቃና ዊንዶውስ 11 ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ከጥቂቶች በቀር በይፋ ስለማይቀበል፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ከቢሮ እየወጡ ነው። በዊንዶውስ ምትክ ነፃው ዴቢያን ሊኑክስ ሲጫንባቸው ገና ብዙ ያገለግላሉ።

ምን ትሠራበታላችሁ? እኔ አስቀድሜ ኪዊክስ የተባለውን ፕሮግራም እጭን ነበር። ዊኪፔዲያን፣ የፕሮጀክት ጉተንበርግን መጻሕፍት፣ የአይፊክስኢትን የጥገና መመሪያዎች ሳይቀር አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለቤቱ ሁሉ ያድላል። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ነው፤ የአማርኛው ግን ትንሽ ፋይል ነው። አንድ ተማሪ ያለበት ቤት ዳታ አልቆ እንኳ ማንበብ መቻሉ ከማንኛውም ጌም ይበልጥብኛል። ለተጫዋቾችም አለ፤ የጌም መሸጫው ስቲም በአውሮፓውያን ከ2023 ጀምሮ የወረደን ጌም በቤት ኔትወርክ ከማሽን ወደ ማሽን ይገለብጣል። 50 ጊጋባይት በጊጋቢት ገመድ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሰዓት ከወሰደ ገመዱን እዩ፤ ከስምንቱ ሽቦ አራቱ ብቻ ከታሰሩ ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል።

ከባድ ሥራ፣ ባክአፕም ይሁን ቪዲዮ መቀየር፣ ለሌሊት ይቀጠር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስትሉ ማሽኑ ላይ የሚጻፈው 2 መሆኑን አትርሱ፤ 8 ከጻፋችሁ ጠዋት ሰው ሊሠራበት ሲቀመጥ ይነሣል። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኙና ነት የተባለው ፕሮግራም ባትሪው ሳያልቅ በሥርዓት እንዲዘጋው አድርጉ።

ዲስክ ስትገዙ ጥንቃቄ። 2 ቴራባይት የተጻፈበት በጣም ርካሽ ፍላሽ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ትንሽ ቺፕ ነው። መቆጣጠሪያው ይዋሻል፣ ሲሞላም አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ይዘቱ ግን የለም። ኤፍ3 በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ መጨረሻው ሞልታችሁ መልሳችሁ አስነብቡ። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ስማርት መረጃውን፣ ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግበውን፣ ክፈቱና የተበላሹና የሚያጠራጥሩ ክፍሎችን የሚቆጥሩትን ቁጥር 5፣ 197 እና 198ን እዩ። ከዜሮ ከፍ ካሉ ዋጋ ሳትከራከሩ ተዉት። 199 ብቻ ከፍ ካለ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። እየሠራ ከ45 ዲግሪ በታች እንዲቆይ በሁለት ዲስክ መካከል ክፍተት ተዉ። ሁለት ዲስክ በሬይድ ማጣመርም፣ ማለትም አንዱን የሌላው መስተዋት ማድረግ፣ ባክአፕ አይደለም፤ በስሕተት የጠፋው ከሁለቱም እኩል ይጠፋል። የቤተሰብ ፎቶ ሦስተኛ ቅጂ ከቤቱ ውጭ፣ ዘመድ ጋር ይኑር።

ስለ ጆይስቲክ ባጭሩ። ዱዋልሾክ 4 (የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ) ማዞሪያው ሳይነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከጀርባው ባለች ቀዳዳ በመርፌ ሪሴት ይደረግ፤ ካልተሻለው ኃይሉን አጥፍታችሁ ትንሽ አልኮል በማዞሪያው ሥር አስገቡና ደጋግማችሁ አዙሩት። ያም ካልሆነ ውስጡ ያለው፣ የማዞሪያውን አቅጣጫ የሚለካው ተለዋዋጭ ሬዚስተር ተበልቷል፣ ሞጁሉ መቀየር አለበት። አሥራ አራት እግር አለው፤ አንዱንም በጉልበት አትሳቡ፣ የቦርዱ መዳብ አብሮ ይነሣል። ያበጠ ባትሪ ያለበት ጆይስቲክ ወይም ላፕቶፕ ካጋጠማችሁ ቻርጅ ማድረግ በዚያው ይቁም፤ አትጫኑት፣ አትብሱት።

እዚህ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሌይስቴሽን 4 እና ሁለት ጆይስቲክ ተከፍተው ተቀምጠዋል። ላፕቶፑ ባትሪው ተነቅሏል፣ በእጃችሁ ልታነሡት ትችላላችሁ። የፕሌይስቴሽኑን ፓወር ሰፕላይ ሣጥን ግን ማንም አይፍታ፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሩ ውስጥ ኃይል ሊኖር ይችላል። አምስት አምስት ሆናችሁ ቅረቡ፣ ከፋኑና ከመዳብ ክንፎቹ እንጀምራለን።