ከባድ ሰው ሲወድቅ ድምፅ አለው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ድምፁ ስለሚገባ ፋኑን አጥፍቼዋለሁ። ድሬ ላይ በዚህ ሙቀት ፋን ማጥፋት ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ልጅ ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ብዙ አናወራም።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ ታጋይ ነው። ታጋይ ስላችሁ የበረሃውን እንዳታስቡ፤ የምንጣፉን ነው። ብሩስ ባምጋርትነር ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ የነፃ ትግል፣ ያውም የመጨረሻው ከባድ ሚዛን። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራላችሁ። በ1960 የተወለደ ሰው ነው።

ነፃ ትግል እግርም የሚያዝበት ነው። ግሪኮ ሮማን የሚባለው ከወገብ በታች አያስነካም። ነፃው ግን እኛ ደቻቱ ላይ የምንታገለው ዓይነት ነው። መጥለፍ አለ፣ እግር ማንሳት አለ። ሁለቱ ትከሻህ መሬት ከነካ አለቀ።

ደቻቱን ለማታውቁት፣ ከተማችንን ለሁለት የሚከፍላት ወንዝ ነው። ወንዝ ስላችሁ ውሃ አትጠብቁ። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት ሌሊት መጥቶ ያን ሁሉ ሰው የወሰደብን ያው ደቻቱ ነው። እሱን ሌላ ቀን። እኔ የማወራው ከዚያ በፊት ስለነበረው ነው። አስር ሰዓት አልፎ ፀሐይዋ በረድ ስትል የከዚራውም የመጋላውም ልጅ እዚያ ይወርዳል።

እኔ ወፍራም ነበርኩ። "ጎማ" ነበር የሚሉኝ። ኳስ ላይ ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የምጠራው እኔ ነኝ። ትግል ላይ ግን የመጀመሪያው። ይህችን ክብር እንዴት እንደምወዳት!

አንድ ቀን ታዲያ ግማሼን የማያክል ልጅ መጣና "ወሪያ ጎማ፣ ና እስቲ" አለኝ። ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ደረቴ ስር ገባ። ገፋሁት፣ ሸሸ። ድጋሚ ስገፋው በተረከዙ ከጉልበቴ ጀርባ ጠለፈኝ። ዱብ! ቀጭን ልጅ ሲወድቅ አሸዋ ቦነን ይላል፣ በቃ። ከባድ ሰው ሲወድቅ ግን ድምፅ አለው። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። አፌ አሸዋ፣ ጆሮዬ አሸዋ፣ ዙሪያውን ሳቅ። ልጁ ራሱ አልሳቀም። እጁን ዘርግቶ "አብሽር" አለኝ። አልያዝኩለትም። ተነስቼ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ታግዬ አላውቅም። አስራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከፀጉሬ አሸዋ ስታራግፍ፣ ምን ሆነህ ነው አላለችኝም።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ወርቅ ወሰደ። ግን ያን ጊዜ ሶቪየቶች አድመው ቀርተዋል። እኛም ቀርተናል፣ ታውቁታላችሁ። ከ1964 እስከ 1980 በነበሩት አምስት ኦሎምፒኮች የዚህን ሚዛን ወርቅ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም፤ አምስቱም የሶቪየት ነው። እነሱ በሌሉበት እሱን ማሸነፍ ማለት እንግዲህ ኢትዮጵያና ኬንያ በሌሉበት አስር ሺህ ሜትር እንደማሸነፍ ነው። ወርቅ ነው፣ ግን ለሐሜት የተመቸ ወርቅ።

በ1986 ቡዳፔስት ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 ሴኡል ላይ ግን ዴቪድ ጎቤጂሽቪሊ የሚባል ጆርጂያዊ፣ ለሶቪየት የሚታገል፣ ወርቁን ወስዶ እሱ ሁለተኛ ወጣ። አራት ዓመት ጠበቀ። በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቁ የእሱ፣ ነሐሱ የጎቤጂሽቪሊ ሆነ። እኛ ባርሴሎናን የምናውቃት በደራርቱ ነው። ለእሱ ደግሞ ሐሜቱን የዘጋባት ከተማ ናት፤ ለእኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ታሪኩ ያምር ነበር። እኔ ግን ማታ ማታ እንቅልፍ አጥቼ ስለዚህ ሰውዬ የማነበው ለባርሴሎና አይደለም። ለአትላንታ ነው።

በ1995 የዓለም ሻምፒዮናው አትላንታ ላይ ነበር፤ አሸነፈ። ከ1986 እና ከ1993 ጋር ሦስተኛው መሆኑ ነው። በዓመቱ ኦሎምፒኩ እዚያው ከተማ መጣ። 35 ዓመቱ ነው። በመክፈቻው ቀን የአገሩን ባንዲራ የያዘው እሱ ነው፤ አዘጋጅ አገር ደግሞ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። አስቡት፣ በአገርህ ባንዲራ ይዘህ፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ቆሞልህ፣ አምና እዚሁ ከተማ አሸንፈህ።

እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነው። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ወለል ላይ ተቀምጬ ኃይሌንና ፋጡማን አስታውሳለሁ። የእልልታው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ትግሉን ማን ያየዋል!

ተሸነፈ። ለወርቁ ፍልሚያ አልደረሰም፤ ወርቁን የወሰደው ቱርካዊው ማህሙት ደሚር ነው። ለባምጋርትነር የቀረው የነሐሱ ግጥሚያ ነበር። ገባ፣ አሸነፈ፣ ሦስተኛ ወጣ።

እዚህ ጋ ነው የምቆመው። ሁለት ወርቅ ቤቱ አለው፤ አንድ ብርም አለው። ነሐስ ምን ያደርግለታል? ከሽንፈቱ በኋላ ተቀምጦ የጫማውን ክር እንደገና ሲያስር ነው የሚታየኝ። ያን ሁሉ ሰውነት ይዘህ እንደገና ማሟሟቅ አለ። እንደገና ሰው አንገት ላይ መንጠልጠል አለ። ያውም ለሦስተኛ። እኔ ብሆን ጀርባዬን አሞኛል ብዬ እቀር ነበር፣ እውነቴን ነው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደማወራ ልንገራችሁ። እኔም ዘንድሮ 35 ሞላኝ። የምሠራበት ቦታ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ኃላፊ ነበርኩ። ደሞዙ የድሮው፣ ኃላፊነቱ የአዲሱ። ባለፈው ወር ደብዳቤ መጣ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ አንተ ወደ ቀድሞ ሥራህ ተመለስ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ከእኔ በፊት ሰምቷል። ደብዳቤውን ሳነብ የሰማሁት ድምፅ ደቻቱ ላይ የሰማሁትን ነው። ዱብ!

መልቀቂያ ጽፌ ነበር። ፕሪንት አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት። እሁድ ማታ ስለ አትላንታ ሳነብ አመሸሁ። ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን ይዤ ገባሁ።

አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ቆሞ ነበር፤ የእኔ ወንበር ላይ መቀመጥ ከብዶታል። እኔም ምን እንደምለው ጠፋኝ። የቁልፉን ዘለላ አወጣሁና ሰጠሁት። ከላይ ሦስተኛዋ መሳቢያ ትጣበቃለች፣ ትንሽ ከፍ አድርገህ ሳባት አልኩት። ሞከራት፣ እምቢ አለችው። መጥቼ አብሬው ሳብኩ።

መልቀቂያው እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በሉ፣ ፋኑን ልክፈት።