ጠፋ ወይስ ተፋ?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። እንደምን አመሻችሁ፣ እንደኔ ውጭ ላሉ ልጆች በዙም አማርኛ የምታስተምሩ። ረዳት መምህሩ፣ ዶሮዬ፣ ዛሬ ዝም ብሏል፤ የጦሳ ተራራ ብርድ እሱንም ሳያሸንፈው አልቀረም። ደሴ እንደሆነች ታውቋታላችሁ።

የቅዳሜዋ ነገር አልወጣልኝ አለ። ልጁ «ውሻዬ ተፋ» አለ። «ጠፋ» አልኩት። «ተፋ»። «ጠ፣ ጠፋ በል የኔ ጌታ»። «ተፋ»። አራት ጊዜ። ከዚያ «እሱን እኮ ነው ያልኩት ቲቸር» አለና ካሜራውን ዘጋው።

እሱን እኮ ነው ያልኩት።

እስቲ እንየው። ተ ትንፋሽ አላት፣ በተለይ በእንግሊዝኛ ባደገ ልጅ አፍ። ጠ ላይ ግን ጉሮሮ ይዘጋል፣ ምላስ ከላይ ጥርስ ጀርባ ይይዛል፣ መሀል የታፈነችው አየር ጥርቅ ብላ ትወጣለች። ያቺ ጥርቅታ በጣም አጭር ናት። ዙም ላይ ያለው የጫጫታ መቀነሻ ደግሞ የተሠራው እንደ ኪቦርድ ጠቅታ ያሉ አጫጭር ድምፆችን እንዲያጠፋ ነው። ትልቁ ደረጃ ላይ ሲሆን ጥርቅታዋን አብሮ ሊውጣት ይችላል። ጠፋ ብላችሁ ትልካላችሁ፣ እዚያ ማዶ ተፋ ይደርሳል። ቀበረን ልካችሁ ከበረ ሊደርስ ነው። ለቅሶና ሠርግ!

መቀነሻው የሚሠራው ደግሞ በተናጋሪው በኩል ነው። የኔን ድምፅ የሚያጣራው የኔው ኮምፒውተር ነው ማለት ነው። ትልቁ ላይ ያደረግሁትስ በማን ምክንያት ነው? በረዳት መምህሩ! (አትሳቁ።) ዶሮውን ዝም አሰኛለሁ ብዬ «ጠ»ን... ልጁ የሰማውን ነው የደገመው እንግዲህ። ምናልባት።

መፈተሻው ቀላል ነው። ስልክ ይዛችሁ ሌላ ክፍል ግቡ፣ እንደ ተማሪ ገብታችሁ ማይኩን ዝጉ፣ ማዳመጫ አድርጉ። ሌላ ሰው በላፕቶፑ 10 ቃል ያንብብ፦ ጥል፣ ትል፣ ጠፋ፣ ተፋ፣ እየቀላቀለ። የሰማችሁትን ጻፉ። ከዚያ መቀነሻውን ዝቅ አድርጋችሁ ወይም ኦሪጅናል ሳውንድ የሚለውን፣ ድምፁን ሳያጣራ የሚልከውን፣ ከፍታችሁ ድገሙት። እሱን ከከፈታችሁ ግን በስፒከር አታስተምሩ፣ ማሚቶ ይመጣል። የቆርቆሮው ዝናብም እንዳለ ይገባል፤ ክረምት ላይ ምን እንደሚሻል እንጃ።

ሌላም አለ። ሶፍት ቀዶ አፍ ፊት መያዝ፦ በተ ይርገበገባል፣ በጠ እምብዛም። ይሄን ካሜራው ያሳያል፣ ድምፁ ቢበላሽም። ልጁ ግን ካሜራውን ዘግቷል።

አብሮ ማስባልን ደግሞ ተዉት፤ ድምፅ እኩል አይደርስም፣ አንዱ ሌላውን ይቆርጠዋል። ሁሉም ማይክ ዘግቶ ከናንተ ጋር ይበል፣ ከዚያ የሁለት ልጆችን ማይክ ብቻ ከፍታችሁ ስሙ። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይቆርጣል፣ በሱ ላይ በነሱ የብርድ ወራት ትምህርቱ ማታ 12 ሰዓት ይሆንና... ልጆቹ ጋ ከጠዋቱ 10 ሰዓት ነው በነሱ አቆጣጠር... መግሪብ አዛን መሀል ይገባል። እሱን እንኳ ልጆቹ ወደውታል። ከየት መጣሁ?

አዎ፣ አራት ጊዜ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ክፍል ውስጥ ለክታ ነበር፦ መምህር ጠይቆ የሚጠብቀው በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ነው። 3 ሰከንድ ሲጠብቅ የተማሪው መልስ ይረዝማል። በኢንተርኔት ደግሞ መዘግየቱን ጨምሩበት፤ በልብ እስከ 5 መቁጠር ነው። «ውሻዬ ተፋ» ብሎ እስከ 5 ቢቆጠርለት፣ ቀጥሎ ምን ሊል ነበር? መቼ፣ የት፣ በሩ ክፍት ነበር...? ያለፈ ጊዜ ግስ ነበር እኮ የዕለቱ ትምህርት።

ግን ደግሞ የመጀመሪያዋ «ተፋ» ከኔ በፊት ነው የወጣችው። እሷ የራሱ ናት። ወይ የሱም ኮምፒውተር... በቴሌግራም በድምፅ ቀድቶ ቢልክ ይለይ ነበር፤ ያ ቀጥታ ስላልሆነ መሀል ላይ አይቆራረጥም። ለእናቱ ልጽፍላት ጀምሬ፣ «ጠፋ የሚለውን ቃል ቀድቶ ይላክልኝ» ብዬ፣ መልሼ አጠፋሁት። ውሻው የጠፋበትን ልጅ...

ቆይ፣ መብራቱ ብልጭ አለ። ካልተቆረጠ እመለሳ—