ጉድለት ሲሆን የሾፌር፣ ትርፍ ሲሆን የማን?

(ድሬዳዋ፣ በጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላይ የተደረገ ንግግር)

ሥራ አስኪያጃችን፣ የዴፖው ባልደረቦቼ፣ የቦቴ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ ከሐረርና ከጅግጅጋ ድረስ የመጣችሁ የማደያ ሰዎች፣ ቤተሰቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ስለ ጋቢው አመሰግናለሁ። በግንቦት፣ በድሬዳዋ፣ ጋቢ! አቦ፣ ማን እንደመረጠው ባውቅ ደስ ባለኝ። ለማንኛውም የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ብርድ ስገባ እለብሰዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል። ሥራ አስኪያጃችን የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምንለው። ንቀት የለበትም። እስካሁን ሳትለምደው አልቀረህም፤ ዛሬ ግን ደጋግሜ ልልህ ነው።

ሰው «ነዳጅ ድርጅት ነው የምሠራው» ስትለው ዓይኑ ይበራል። ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም «አንተማ ምን ጎደለብህ!» ይልሃል። ቤንዚን ከከተማው ሲጠፋ የሰፈሬ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ እኔ ጋ ይደውላሉ። ጓዳዬ ውስጥ በርሜል የቀበርኩ ይመስላቸዋል። እውነቱን ባለቤቴን ጠይቋት። የሥራ ልብሴ ከሌላው ልብስ ጋር ታጥቦ አያውቅም። ጫማዬ ከደጃፍ አልፎ አያውቅም። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚስሙኝ።

ሥራችን ይሄ ነው። ፀሐይ ሳትበረታ የነዳጁ ማጠራቀሚያ ጋን ላይ ትወጣለህ። ከረፈደ የመሰላሉ ብረት እጅ ያቃጥላል። ስልክህን በር ላይ ትተሃል። ነፋሱን ከጀርባህ አድርገህ ክዳኑን ትከፍታለህ። ሜትሩ ጫፍ ላይ ያለውን የነሐስ ክብደት፣ ከነዳጁ ሥር ውሃ መኖሩን የሚያሳይ ቅባት ቀብተህ እስከ ታች ትለቀዋለህ። ስታወጣው ውሃ የነካው ቦታ ቀለሙን ቀይሮ ታየዋለህ። ከዚያ ቴርሞሜትሩን በነሐስ ኩባያው ውስጥ አድርገህ በገመድ ታወርደዋለህ። ቶሎ አይወጣም። ነዳጁ ውስጥ ቆይቶ ሙቀቱን መያዝ አለበት። ሲወጣ ደግሞ ኩባያው ውስጥ እንዳለ፣ ነዳጁ ሳይፈስ፣ ቶሎ ማንበብ ነው። ዘግይተህ ካነበብክ የድሬን ፀሐይ ነው የለካኸው።

ዛሬ የመጣሁት ስለዚች ቴርሞሜትር ልናገር ነው።

ቤንዚን እንደ ሊጥ ነው፤ ሙቀት ሲያገኝ ያብጣል። አንድ ሺህ ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ አንድ ሊትር ገደማ ይቀንሳል። የናፍጣው ትንሽ ያንሳል። ማንም አልሰረቀውም። ክብደቱ ያው ነው። ተሰብስቦ ነው። ይህን የነዳጅ ንግድ ዓለም በሙሉ ያውቀዋል። በዓለም ገበያ ትልቅ ጭነት ሲሸጥ ሙቀቱ ተለክቶ፣ ብዙውን ጊዜ በ15 ዲግሪ ቢሆን ስንት ሊትር ይሆን ነበር ተብሎ ነው ሒሳቡ የሚሠራው። የእኛም ድርጅት ያውቀዋል! የዴፖውን ክምችት ሲቆጥር ሙቀቱን በየቀኑ ያስመዘግባል። መዝገቡን የምሞላው እኔ ነበርኩ።

የሐረሩን ጉዳይ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የማያውቁ ወጣቶች ስላሉ ልድገመው። ሾፌሩ እዚሁ አዳራሽ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም፣ ያፍርብኛል። ቅዳሜ ከሰዓት 20,000 ሊትር ቤንዚን ከእኛ ጫነ። የዚያን ዕለት የጋኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ነበር። መዝገቡ ላይ አለ። ደንገጎን ወጣ፣ ዓለማያን አለፈ፣ ሐረር ሲደርስ ማደያው ተዘግቷል። እሑድ የሚረከበው ሰው የለም። ቦቴው ሁለት ሌሊት ሐረር ብርድ ላይ አደረ። ሾፌሩም ጋቢና ውስጥ አደረ። ሰኞ ጠዋት ማኅተሙ ተቆረጠ፣ የመለኪያው ዘንግ ገባ። 190 ሊትር ጎደለ ተባለ።

የማደያው ባለቤት ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። «ሌባ» ተባለ፤ በሠላሳ ሰው ፊት። ማኅተሙ እኮ እዚያው ፊታቸው እስኪቆረጥ ድረስ አልተነካም! ቁጥሩም ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። እሱ ደግሞ ሲናደድ መናገር ይሳነዋል፤ ታውቁታላችሁ። ወደ እኔ ደወለ። አለቃዬን አስፈቅጄ ቴርሞሜትሬን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ወያላው «ፋዘር፣ ዓሣ ልታጠምድ ነው?» አለኝ። ደረስኩ፣ ቦቴው ላይ ወጣሁ፣ በየክፍሉ አወረድኩት። ሁሉም 25 ዲግሪ አካባቢ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ከ35 ወደ 25፣ አሥር ዲግሪ። ሃያ ሺህ ሊትር። ሃያ ጊዜ አሥር፣ ሁለት መቶ። የጎደለው 190 ነው። በሒሳቡ ከሄድን ሾፌሩ እንዲያውም አሥር ሊትር ተርፎታል! ለማደያው ባለቤት በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ሠርቼ አሳየሁት። አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዝም አለ። ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ወደ ድሬ ተመልሼ ወረቀቱን ቢሮ አስገባሁ። ያን ጊዜ የነበረው ኃላፊ፣ ዛሬ እዚህ የለም፣ አነበበው። ምን አለኝ መሰላችሁ? «ልክ ነህ፤ ግን የርክክብ ፎርሙ ላይ የሙቀት ቦታ የለውም።»

የታርጋ ቁጥር ቦታ አለው። የማኅተም ቁጥር ቦታ አለው። የሾፌር ፊርማ ቦታማ ሁለት ቦታ ላይ አለው! የሙቀት ቦታ ግን የለውም። ስለዚህ 190 ሊትሩ ከሾፌሩ ደመወዝ በየወሩ ተቆረጠ። የሐረር ብርድ የወሰደውን ቤንዚን የልጆች አባት ከፈለ።

ይህ ሰው በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ ጭነቱን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቦቴው ላይ ያደረ ሰው ነው። ቤቱ በዚያ ሌሊት ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር። በነጋታው ማኅተሙን ሳይነካ አስረከበ። እሱን ነው «ሌባ» ያላችሁት!

የሚሰርቅ የለም አልልም። ጄሪካን ይዞ ጨለማ የሚጠብቅ አለ። መንገዱ ላይ ማን የት እንደሚቆም እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ሌባውን ግን የሚያሲዘው ያው ቴርሞሜትር ነው። ሙቀቱ ተለክቶ፣ ሒሳቡ ተሠርቶ፣ ከዚያም በላይ ከጎደለ፣ እሱ ሰው የወሰደው ነው። ያን ጊዜ ጠይቁ፣ ክሰሱ። ሳትለኩ ግን ንጹሑንና ሌባውን በአንድ ገመድ አትሰሩ።

ደግሞ ሌላው ገጽ አለ፤ ይሄን ማንም አያነሳውም። ንጋት ላይ ቀዝቅዞ የተጫነ ቤንዚን ወደ አይሻ በረሃ ወርዶ እኩለ ቀን ላይ ሲለካ ምን ይሆናል? ይጨምራል። ዘንጉ ከምልክቱ በላይ ያሳያል። ያን ጊዜ ግን ጩኸት የለም። ሰው አይሰበሰብም። ሾፌሩ ተጠርቶ «ይህ የአንተ ነው» ተብሎ አያውቅም። ጉድለት ሲሆን የሾፌር፣ ትርፍ ሲሆን የማን ነው? መልሱልኝ! የማን ነው?

አመሰግናለሁ። ቁጭ በሉ፣ ገና አልጨረስኩም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጋን ጽዳት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጋኑ ባዶ ሆኖም ታች ተኝቶ ይጠብቃል። አሁንም ግን በኮንትራት የሚመጡ የቀን ሠራተኞች አፍንጫቸው ላይ ጨርቅ አስረው ሲገቡ አይቻለሁ። ጨርቅ ጋዝ አያግድም። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አይግባ፤ ቋሚም ይሁን ጊዜያዊ። ሦስተኛው፣ በምንጭነው ቤንዚን ውስጥ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚመሳሰል አንድ ኬሚካል አለ፤ በእንግሊዝኛ benzene ይሉታል፤ እሱ ደምን ይጎዳል። ዓመታዊ የደም ምርመራ ለቢሮ ሰው ብቻ ሳይሆን ጋን ላይ ለሚወጣው ይሁን።

ወጣቶቹ ደግሞ ሰሞኑን «ካሉብ ብንገባስ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ግቡ፣ ማን ከለከላችሁ? የኦጋዴኑ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ «ሊወጣ ነው» ሲባል ሰምቼ፣ ጡረታዬ ላይ ደረስኩ። ደመወዙን ብቻ ግን አትጠይቁ። የተፈጥሮ ጋዝ ፈሳሽ ሆኖ ሲጫን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነው፤ መንገድ ላይ ሙቀት ባገኘ ቁጥር የተወሰነው ይተናል። ስትገቡ መጀመሪያ የርክክቡን ወረቀት አሳዩን በሉ። የተነነው በማን ሒሳብ እንደሚቆረጥ አንብባችሁ ፈርሙ።

ወደ አንተ ልመለስ፣ ሥራ አስኪያጅ። የርክክቡን ፎርም በእጄ እንደገና ሠርቼዋለሁ። ባልደረባችን በኮምፒዩተር ጽፋልኛለች። የተጨመሩት ሁለት ዓምዶች ብቻ ናቸው፦ ሲጫን ስንት ዲግሪ፣ ሲራገፍ ስንት ዲግሪ። ለየማደያው አንድ አንድ ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፤ ዋጋው ድርጅቱን አይጎዳም። የእኔን ቴርሞሜትር ለተተኪዬ አስረክቤያለሁ፣ ይሠራል። ፎርሙ ጠረጴዛህ ላይ፣ ከውሃው ጠርሙስ ሥር ነው ያለው። ምሳው እስኪቀርብ ጊዜ አለ፤ አንብበውና መልስህን እዚሁ፣ በሾፌሮቹ ፊት ንገረን።