የአሻ ላብና የአሻ ችግኝ፦ ስለ «ፑምዚ» ፊልም

ሰላም፦ ጤና ይስጥልን። ዛሬ የያዝነው ፊልም ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ «ፑምዚ»። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፋ ያዘጋጀችው ሳይንስ ፊክሽን። ብሩኬ፣ አየኸው አይደል?

ብሩክ፦ አይቼዋለሁ። መጨረሻው ግን አናዶኛል፤ ቀድሜ ልንገርሽ።

ሰላም፦ ቆይ፣ እንደርስበታለን። ላላዩት እንንገራቸው እንጂ። ሦስተኛው የዓለም ጦርነት፣ የውሃ ጦርነት የሚሉት፣ ካለቀ 35 ዓመት ሆኖታል። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ሰዎች ዝግ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ። ውጭው ሞቷል ስለተባለ ያለ ፈቃድ ንቅንቅ የለም።

ብሩክ፦ መብራቱ የሚመጣው ደግሞ ከሰው ጉልበት ነው፤ ስፖርት መሥሪያ ላይ እየሮጡ ነው የሚያመነጩት። ሽንትሽን አጣርተሽ፣ ላብሽን አጠራቅመሽ መልሰሽ ትጠጫለሽ። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ አሻ ላቧን ጠርጋ ጠርሙስ ውስጥ ስታንጠባጥብ አየሻት? እኔ ከዚያ ወዲህ ጂም ስገባ ፎጣዬን በክብር ነው የማየው።

ሰላም፦ (ሳቅ) እሷ የሙዚየም ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ላኪው ያልታወቀ አፈር ይደርሳታል። ስትመረምረው እርጥበት አለው፣ ጨረር የለበትም። ከዚያ ምን አደረገች? አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ማገችው! ወዲያው ዛፍ በሕልሟ ይመጣባታል። ማሽኑ ደግሞ «ሕልም አይተሻል፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል። እዚያ ቦታ ላይ ነው የወደድኳት። ብዙ ፊልም ላይ ሴትን ጠንካራ ለማድረግ ሽጉጥ ያስይዟታል፣ ሁለት ሦስት ወንድ ታስጥላለች፣ አለቀ። አሻ ማንንም አትመታም። አንድ ዘር ያንን አፈር ውስጥ ትተክላለች፣ ይበቅላል፤ ከዚያ «ልውጣ» ብላ ታመለክታለች።

ብሩክ፦ ምክር ቤቱም ይከለክላታል። ምክር ቤቱ ላይ ያሉት ግን ሴቶች ናቸው! ይሄ ሳይታለፍ።

ሰላም፦ እኔም ልመጣበት ነበር። ኢኮፌሚኒዝም የሚለውን ስም ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ዶቦን በ1974 አወጣችው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሴትን የሚጨቁነውና መሬትን የሚያራቁተው ሥርዓት አንድ ነው የሚል ነው። አንዳንዱ ይህን ወስዶ «ሴት በተፈጥሮዋ ለምድር ታዝናለች» ይለዋል። ዋኑሪ ግን እዚያ ወጥመድ ውስጥ አልገባችም። ሥልጣን የያዘችም ሴት በሩን ልትዘጋ ትችላለች።

ብሩክ፦ ከገባችስ? መጨረሻውን እዪው እስቲ! አሻ አምልጣ በረሃውን ታቋርጣለች፣ ችግኙን ትተክላለች፣ የቀራትን ውሃ ታፈስለታለች፣ ላቧን ሳይቀር ትጨምቅለታለች፣ በገላዋ ጥላ ሆናለት እዚያው ትቀራለች። ዛፉ ከሰውነቷ የወጣ ይመስላል። ይህኮ የምናውቀው ታሪክ ነው፤ እናት ትለቅ፣ ትሙት፣ ሌላው ይኑር።

ሰላም፦ እሷ ግን ማንም አላዘዛትም። የከተማው ሰው ላቡን ለከተማው ይገብራል፤ እሷ ላቧን የፈለገችበት አፈሰሰችው። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ኬንያዊቷን የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይን ውሰጂ። ዋኑሪ ራሷ ስለ እሷ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች፣ አይደል? ማታይ በ1977 አረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር የገጠር ሴቶች ችግኝ እንዲያፈሉ አደረገች፤ ለጸደቀው ችግኝም ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። ላስምርበት፣ ለጸደቀው! ሴቶቹ ማገዶና ውሃ ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ ስለራቀ ነው ነገሩ የተጀመረው። በ1989 ናይሮቢ ያለው ኡሁሩ ፓርክ ላይ ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ሲል ተሟግታ አስቀረች። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ወሰደች። ዛፍ ሥር አልሞተችም። ከእነዚያ ሁሉ ሴቶች ጋር ሆና ነው የሠራችው፤ አሻ ግን ብቻዋን ናት።

ሰላም፦ ብቻዋን? የጽዳት ሠራተኛዋን ረሳሃት?

ብሩክ፦ ኧረ አዎ፣ መታጠቢያ ቤት ያለችው።

ሰላም፦ አሻ ከራሷ ድርሻ ውሃ አካፍላታለች። ለማምለጥ የረዳቻት እሷ ናት። ሴትዮዋ የተማረች ሳይንቲስት አይደለችም፣ ሕልምም አልታየላትም። ያላት አንድ ነገር ውለታ ነው። ለእኔ የፊልሙ ኢኮፌሚኒዝም ከዛፉ ይልቅ እዚህ ውሃ መካፈሉ ላይ ነው። ማታይ ያደረገችውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ብሩክ፦ ይሄ ገባኝ። ግን ካሜራው ወደ ላይ ሲወጣ ዳር ላይ ጫካ ይታያል። ጫካው ድሮም እዚያው ከነበረ፣ ልጅቷ ጥቂት መንገድ ሲቀራት ነው የሞተችው። በጣም ያበሳጫል!

ሰላም፦ ወይም ከእሷ ዛፍ በኋላ የመጣ ነው። ጊዜው ሲሄድ ያየን ይመስለኛል። ነጎድጓዱንም ሰምተሃል።

ብሩክ፦ አንቺ በዝናቡ ተጽናኚ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያቺ የጽዳት ሠራተኛ ምን እንደደረሰባት ነው። ጠባቂዎቹ ዝም የሚሏት ይመስልሻል?

ሰላም፦ አይመስለኝም። ሁለተኛ ክፍል ቢሠራ በእሷ ይጀመር ባይ ነኝ።