ኬሚስትሪ አንድ እዚህ፣ ኬሚስትሪ ሁለት እዚያ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። እንዴት ሰነበታችሁ? ኮሮላዋን ለጠየቃችሁኝ፣ አለች፣ አልሞተችም። መስኮቷም አሁንም አይዘጋም።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ያ ልጅ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ባለፈው የነገርኳችሁ፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ማመልከቻዬን አይልዎታለሁ ያለው። ሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ግን "እርስዎ" ይለኛል! እኔን! እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ ማለት ነው። ይሁን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ያቺ የኛዋ ቡና ቤት ተቀመጥን። ትራንስክሪፕቶቼን፣ የኮሌጅ ውጤት ወረቀቶቼን ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋጋቸው። እንዳይፈስባቸው ማኪያቶዬን ወደ ዳር ገፋ አደረገው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አንድ ከኖቫ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ፣ አሌክሳንድሪያ ስኖር። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ ሜሪላንድ ገባሁ። የቨርጂኒያ ነዋሪ ካልሆንሽ ደግሞ የኖቫ ክፍያ ሌላ ነው። ስለዚህ ኬሚስትሪ ሁለት ሞንጎመሪ ኮሌጅ። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሌላ ቦታ፣ ላቡ፣ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜው፣ ማታ ስለሚሰጥ። ፊዚክስ... ፊዚክስን ተዉት። አንዱ ኮሌጅ ተማሪ አነሰ ብሎ፣ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል ሰረዘው። ስሙን አልጠራም። ብቻ ይየው።

ልጁ በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ በአንድ እየነካ ወረደ። ኦርጋኒክ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዳብሊው (W) የምትል ምልክት አለች እዚያ፣ ኮርሱን ጀምሬ ያቋረጥኩባት። ከበባት። ቀና አለና፣ "ለምንድነው እንደዚህ የተበታተነው? ኢንተርቪው ላይ ይጠይቅዎታል" አለኝ። በክፋት አይደለም፣ በጣም ጨዋ ልጅ ነው።

"ፈረቃ" አልኩት። የአረጋውያን መንከባከቢያው የሌሊት ፈረቃዬን ድንገት ወደ ማታ ሲያዞርብኝ፣ ላቡና ሥራው ተጋጩ። ሥራውን ብተው ኪራይ አለ። አለቀ።

ራሱን ነቀነቀ። "እሱን አይበሉ። ሌላ ይበሉ።"

እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? ትንሽ እንኳ ሳላስብ፣ በእንግሊዝኛ፣ "በተለያዩ ኮሌጆች መማሬ ከየአቅጣጫው ከመጡ ሰዎች ጋር መሥራትን አስተምሮኛል" አልኩት። እንዲህ ልስልስ ብሎ! ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። የልጁ ፊት በራ። "ፐርፌክት! ልክ እንደዚህ ይበሉት" ብሎ ዳብሊውዋ አጠገብ ጻፈው።

በቃ፣ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ውሸት እኮ አይደለም። ኦርጋኒክ ላብ አብራኝ የነበረችው ፊሊፒንሳዊት ነርስ ከነሥራ ልብሷ ነበር የምትመጣው። ከፕሮፌሰሩ ይልቅ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ግን እሷን ፍለጋ አልሄድኩም! የክፍያው ነገርና ሰዓቱ ነው የላከኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳገላብጥ፣ ሳጥብ፣ አንሶላ ስቀይር አድሬ ጠዋት የኬሚስትሪ ሞል ማስላት... ይሄ ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ወይስ ልጁ ልክ ነው? የመግቢያ ኮሚቴው ሰበብ ይለዋል ይሆናል። እኔ እንጃ።

ላብ ስል ትዝ አለኝ፣ የሙዙን ነገር ነግሬያችኋለሁ? አይሶአሚል አሲቴት የሚባል ነገር አለ። አንድ አልኮልና አሴቲክ አሲድ ትቀላቅያለሽ፣ ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ታፈይዋለሽ። ክፍሉ በሙሉ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። የእውነት ሙዝ ሳይሆን የከረሜላ ሙዝ። ሹሩባዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኝ እንዳለሁ ሥራ ገባሁ። አንዷ አሮጊት፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ፣ ስሸፍናት አፍንጫዋን አሽትታ "ሙዝ" አለች። ነርሷ ሮጣ መጣች። እኔ ሳቄን... አሁንም ያስቀኛል። ይሄን ነበር ለልጁ መንገር የነበረብኝ፣ አይደል? አይ፣ ይሄም ለነሱ ሲጻፍ ሌላ ነገር ይሆናል።

ደግሞ አምካስ! የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ የጋራ ማመልከቻ ማለቴ ነው። አንዲት ኮርስ የወሰድሽበትም ኮሌጅ ቢሆን ትራንስክሪፕት አምጪ ይላል። ኮርስ ብትደግሚ ሁለቱንም ውጤት ያስገባል። የዲኦዎቹ፣ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ትምህርት ቤቶቹ፣ ማመልከቻ ድሮ አዲሱን ብቻ ይይዝ ነበር፣ እሱም በ2017 ቀረ። አምካስ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብን ደግሞ ለብቻ አውጥቶ ያሰላል። ዳብሊውዋም ትመዘገባለች። የአራት ኪሎ ዲግሪዬ ግን ስሌቱ ውስጥ የለም። የውጭ አገር ውጤት አይቆጠርም። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ሻማ፣ መብራት ሲጠፋ... አቋርጬ የወጣሁት ኮርስ ይታያል፣ የጨረስኩት ዲግሪ አይቆጠርም። ልጁ ስለሱ አልጠየቀኝም እንኳ። ለምን ይጠይቀኛል፣ ወረቀቱ ላይ የለ።

እና ድርሰቱ አለ፤ 5,300 ሆሄ፣ ክፍት ቦታው ሁሉ ተቆጥሮ። ያቺን ልስልስ ዓረፍተ ነገር አስገባታለሁ፣ አነባታለሁ፣ ታምራለች። አጠፋታለሁ። ልጁ ትናንት "ረቂቁ ደረሰ?" ብሎ ላከልኝ። አልመለስኩለትም። በነፃ ነው እኮ የሚያይልኝ፣ ነውር ነው። ሳይጠየቅ ደግሞ...

ቆይ ግን፣ ያቺ ዳብሊው። ፈረቃ ነው ብያለሁ፣ ፈረቃ ነው። ግን ያን ሰሞን ፈተናውም... ማለቴ ፈረቃው ባይዞርም ኖሮ እቀጥል ነበር ወይ? ይሄን ለልጁም አልነገርኩት። ለራሴም እንኳ...

ስልኬ እየጠራ ነው። ከሥራ ነው። ሰው ጎድሎባቸዋል ማለት ነው። ቆይ አንዴ