ክፍሉ ባለቤት አለው
በጎንደር ለእንግሊዝኛ መምህራንና ከውጭ ለመጡ በጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የወላጅ ኮሚቴ አባላት፣ እንዲሁም ልጆቻችንን ለማስተማር ከሩቅ አገር የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን አደራችሁ!

የተሰጠኝ ርዕስ «በጎ ፈቃደኞችን እንዴት እንቀበል» የሚል ነው። ስለ አቀባበልስ ጎንደሬን ማስተማር አያስፈልግም። ቤት ለእንግዳ እየተባለ ነው ያደግነው። ነገር ግን እንግዳ መጣ ብሎ ባለቤቱ ቤቱን ለቆ የሚወጣበት ወግ የለንም። በትምህርት ቤቶቻችን የሚደረገው ግን ይኸው ነው። ፈረንጅ መጣ ሲባል የእንግሊዝኛው መምህር «አንተ እስከዚያው እረፍ» ተብሎ ከክፍሉ ይወጣል። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህ ልማድ እንዲቀር ለመጠየቅ ነው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። እዚህ ካላችሁት ታላላቆቻችን መካከል ፒስ ኮር፣ የአሜሪካ መንግሥት የላካቸው በጎ ፈቃደኞች፣ ያስተማሯችሁ አትጠፉም። በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ በየትምህርት ቤቱ ሲመደቡ አገሪቱ ለሁለተኛ ደረጃ የሚበቃ መምህር አልነበራትም። እነዚያ ሰዎች ሁለት ዓመት ነበር የሚቆዩት፤ ክፍል ተረክበው፣ ፈተና አውጥተው፣ አርመው፣ ማርክ ሞልተው ነው የሠሩት። ያ ክፍል መምህር አልነበረውም። የዛሬው አለው! እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ቆሞ የእንግሊዝኛ ምሩቃን ያወጣል። የዛሬው እንግዳ ደግሞ የሚቆየው 3 ሳምንት፣ ሲበዛ 3 ወር ነው። ዘመኑ ተለውጦ አሠራራችን እዚያው ቀረ።

እስቲ 3ቱን ሳምንት በቁጥር እንየው። በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ያለው ክፍል 15 ክፍለ ጊዜ ያገኛል። እያንዳንዱ 40 ደቂቃ ነው፤ በድምሩ 10 ሰዓት። ሁለቱ ክፍለ ጊዜ በመተዋወቅ ያልቃል፣ ሁለት ሦስቱ በመዝሙርና በቃላት ጨዋታ፣ የመጨረሻው ፎቶ በመነሳት። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ይደሰታሉ፤ ደስታቸውን አልንቅም። መማሪያ መጽሐፉ ግን በቆመበት ገጽ ላይ ቆሟል። እንግዳው ይሸኛል፣ መምህሩ ይመለሳል፣ የ3 ሳምንቱን ትምህርት በአንድ ሳምንት ያሯሩጠዋል፤ ፈተናው ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ውጤቱ ሲወርድ የሚጠየቀው ማን ነው? ፎቶው ላይ ያለው ሰው ነው? አይደለም! «እረፍ» ተብሎ የወጣው መምህር ነው። ልጆቹ ደግሞ «የእኛ መምህር እንግሊዝኛ ቢችል ኖሮ ለምን ያስወጡት ነበር?» ይላሉ። ያንን ከበሬታ በምን እንመልስለታለን?

እንግዶቻችን፣ ይህን የምለው እናንተን ለመውቀስ አይደለም። የ120 ሰዓት የማስተማር ሰርተፊኬት ይዞ የመጣ ሰው ብዙ ነገር ያውቃል፤ አማርኛ የለመደ ጆሮና አንደበት ግን በዚያ ኮርስ ውስጥ የለም። አንድ ምሳሌ ብቻ ላስፋ። በአማርኛ «የቤት ሥራ አልሠራህም?» ተብሎ የተጠየቀ፣ ያልሠራ ልጅ «አዎ» ይላል፤ አዎ፣ አልሠራሁም ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ «ኖ» ነው። ልጁ የእናቱን ቋንቋ ይዞ «የስ» ሲል እንግዳው «ሠርቷል» ብሎ ያልፋል። ደብተሩ ሲገለጥ ባዶ ነው። እንግዳው ልጁ ዋሸኝ ይላል፣ ልጁ እውነቱን ተናግሮ ለምን እንደተቆጡት አይገባውም። በማግስቱ እጁን አያወጣም። እንዲህ እያለ አንድ ሳምንት ይሄዳል፤ ሁለቱም ተቀያይመው፣ አንዳቸውም ምክንያቱን ሳያውቁት። ክፍሉ ውስጥ መምህሩ ቢኖር ኖሮ በግማሽ ደቂቃ ያስረዳቸው ነበር። ተማሪ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ እሺታውን ሲገልጽ ደነገጠ ብሎ ማሰብም አለ። 60 ልጅ በአንድ ድምፅ «ገብቶናል!» ሲል አምኖ መሄድም አለ። እኛ ያ «ገብቶናል» ይሉኝታ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህ «ገባችሁ?» አንልም፣ «እስቲ አንተ ያልኩትን መልሰህ ንገረኝ» እንላለን።

የቋንቋውም ነገር እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ መርከብና በግ በአናባቢያቸው ይለያያሉ፤ በፊደላችን ብንጽፋቸው ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። «ስኩል» የሚለው ቃል ፊት «እ» የሚገባው በስንፍና አይደለም፤ አንደበታችን ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ማጣበቅ ስላልለመደ ነው። እኛ «ዘነበ» ብለን አንድ ቃል እንጨርሳለን፤ እንግሊዝኛው ግን ፊቱ «ኢት» ካልቆመ አይሄድም። ስህተቱን መስማት የእንግዳው ነው፣ ምክንያቱን ማወቅ የመምህሩ። ሁለቱ ካልተገናኙ ልጁ ይታረማል እንጂ አይማርም።

ታዲያ እንዴት ይሁን? አብረው ይግቡ። ከሳምንቱ መጀመሪያ በፊት 30 ደቂቃ ተቀምጠው ያቅዱ፤ መጽሐፉ የት እንደደረሰ የሚናገረው መምህሩ ነው። በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ መምህሩ ትምህርቱን ያስገባል፣ ከአማርኛ ጋር ያነጻጽራል። ቀጥሎ እንግዳው ምንባቡን ሁለት ጊዜ ያነባል፤ አንዴ በተፈጥሮ ፍጥነቱ፣ አንዴ ሐረግ ሐረጉን እያሳረፈ። ቃል በቃል እየቆረጠ ማንበብ አይጠቅምም፤ እንደዚያ የሚናገር ሰው የለም። ከዚያ ሁለቱ ከፊትና ከኋላ ቆመው ጭውውቱን ያሰማሉ፣ ክፍሉ በኅብረት ይደግማል፣ ከዚያ ረድፍ በረድፍ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ።

ጥንዱ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሸነፈው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ልጆቹን አንድ በአንድ ብናናግር፣ 40ው ደቂቃ ሙሉ ቢሰጥ እንኳ ለአንዱ 40 ሰከንድ ነው የሚደርሰው። ሦስት ሦስት የሚቀመጡበት 20 ዴስክ ካለን ግን ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። የ1ኛው፣ የ3ኛው፣ የ5ኛው፣ እንዲህ እያለ አንድ እየዘለለ የሚመጣው ዴስክ ልጆች ወደ ኋላ ይዙሩ፤ 30 ጥንድ ተገኘ። በ5 ደቂቃ እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይናገራል። መምህሩ የግራውን ረድፍ፣ እንግዳው የቀኙን ይዞረዋል። ጫጫታ ይኖራል፤ ለጎረቤት ክፍል መምህር አስቀድሞ መንገር ነው። ርዕሰ መምህራን፣ እባካችሁ ያንን ጫጫታ ሰምታችሁ በር አትምቱ!

ሌላው ነገር ድምፅ መቅዳት ነው። እንግዳው ከመሄዱ በፊት የዓመቱን ምንባቦች በሙሉ በስልክ ያንብብልን፤ እያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ፣ በምዕራፍና በገጽ ቁጥር የተሰየመ፣ በሚሞሪ ካርድ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ያላት ትንሽ ስፒከር ትበቃለች። የማዳመጥ ትምህርት ግን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ በሚወርድበት ወር አይያዝ፤ ምንም አይሰማም። መንገድ በተዘጋባቸው ዓመታት እንግዳ አልመጣም፣ በክፍሉ የቀረው መምህሩ ብቻ ነበር። ያኔ ድምፁ በእጁ ቢኖር ኖሮ ብላችሁ አስቡት።

ስለ ጊዜው ባጭሩ። በጥር የሚመጣ እንግዳ ጥምቀትን ያያል፣ ከዚያ የመንፈቅ ዓመት ፈተና ላይ ይወድቃል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ የሚመጣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ይጠብቀዋል፤ እሱን ወደ 9ኛ ክፍል ለሚያልፉ ልጆች የክረምት ትምህርት እናድርገው፤ 9ኛ ላይ ከአማርኛው በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነውና። ለመደበኛው ጥቅምትና ኅዳር፣ ወይም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሻላል። ቀጠሮ ስትይዙ የማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ፤ የእኛ 2 ሰዓት የእነሱ 8 ነው።

ከተማሪ ጋር በተዘጋ ክፍል ለብቻ አለመሆን፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጅ ፎቶ አለማውጣት፤ ይህ ለሁላችንም ነው። ስጦታ ያመጣችሁ ለአንድ ልጅ ሳይሆን ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡ።

ከሻይ በኋላ የጋራ ማቀጃው ቅጽ በየጠረጴዛው ይታደላል። ላዩ ላይ ሁለት የስም መስመር አለ፤ የላይኛው የክፍሉ መምህር፣ የታችኛው የእንግዳው። የላይኛው መስመር ባዶ የሆነበትን ቅጽ ርዕሰ መምህሩ አይፈርሙበት። አመሰግናለሁ።