የጠዋቷ ክኒን

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ክኒኔን አሁን ገና ዋጥኩ። ቡና ለመጠጣት አንድ ሰዓት መጠበቅ አለብኝ፤ እስከዚያ እናውራ።

ሃሺሞቶ አለብኝ። ሰውነቴ አንገቴ ላይ ያለውን የገዛ ታይሮይድ ዕጢዬን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ዕጢው ሲዳከም ብርዱ፣ ድካሙ፣ የሐሳብ መበተኑ ተከታትሎ ይመጣል። ለዚህ ነው በየማለዳው በባዶ ሆዴ የዕጢውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን የምወስደው።

አንድ ቀን ሐኪሜን "በሽታውን ያድነዋል?" አልኳት። "አያድነውም፤ የጎደለውን ይሞላል" አለችኝ። የሚያፈስ እንስራ ላይ ውኃ መጨመር ማለት ነው። ቀዳዳውን የሚደፍንልኝ የለም? ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ማንበብ ጀመርኩ።

ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ በሽታውን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የለንደን ተመራማሪዎች በሕሙማኑ ደም ውስጥ የራስን ዕጢ የሚያጠቃ አንቲቦዲ (ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) ያገኙት ደግሞ በ1956። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ? እኛ ግን አሁንም እንስራውን እየሞላን ነው።

ግሬቭስ የሚባለው ሌላው የታይሮይድ በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ነገር ደግሞ ይብሳል። የእነሱ አንቲቦዲ ዕጢውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ሕክምናው ዕጢውን በመድኃኒት ማብረድ፣ በጨረር አዮዲን ማጥፋት ወይም ቆርጦ ማውጣት ነው። አጥፊው ሌላ፣ የሚቀጣው ዕጢው!

አዲሱ ምርምር ፊቱን ወደ አጥፊው ያዞረው በዚሁ በግሬቭስ ነው። አንዱ መንገድ አንቲቦዲዎች ቶሎ እንዲፈርሱ ማድረግ ነው። ሰውነት አንቲቦዲን ከመፍረስ የሚያድንበት ተቀባይ አለው፤ መድኃኒቱ እሱን ይዘጋዋል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኬ1-70 የሚባል አንቲቦዲ አለ፤ የዕጢውን በር ዘግቶ የሚያነሳሳው አንቲቦዲ እንዳይገባ ይከለክላል። የተገኘው ከአንድ ታማሚ ደም ነው። በዚያው ሰው ደም ውስጥ ዕጢውን የሚያነሳሳም ነበር። አንድ ደም ውስጥ ቀስቃሹም ከልካዩም! ይህን ያነበብኩት ሦስት ጊዜ ነው።

ለእኔ ለሃሺሞቷ ግን መንገዱ ይረዝማል። ዕጢዬን የሚያፈርሱት በዋናነት የመከላከያ ሕዋሳት እንጂ አንቲቦዲ ብቻ አይደለም። እነሱን ለማስቆም የመከላከያ ሥርዓትን ማዳከም ደግሞ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዛሬ ቢቀርብልኝ እሺ የምል አይመስለኝም። ክኒኔ ሞኝ ናት፣ ግን አትጎዳኝም።

ሰዓቱን እስቲ... አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል። ጀበናውን ልጣድ።